በቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ አቺቭመንት ምንድን ነው?

አቺቭመንት ማለት ተጫዋቹ በአንድ ጨዋታ ውስጥ አስቀድሞ የተወሰነ ተግባር ሲፈጽም ከጨዋታው ውጪ ባለው አካውንቱ ላይ የሚመዘገብለት የክንውን ምልክት ነው። በጨዋታው ውስጥ የሚገኝ ሰይፍ ወይም ገንዘብ ቀጣዩን ውጊያ ያቀላል፤ አቺቭመንት ግን ለገጸ ባሕርይው አቅም ምንም አይጨምርለትም። በስክሪኑ ጥግ ላይ አጭር ድምፅ አሰምቶ ብቅ ይልና ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው አካውንቱን ከፍቶ የሚያይ ሰው ሁሉ የሚያነበው ስምና ቀን፣ አንዳንድ ጊዜም ነጥብ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ማን ጎበዝ እንደሆነ፣ የትኛው ጨዋታ እንደሚከብድና የትኛው እንደሚበልጥ በሚነሡ ክርክሮች ላይ ይህች ምልክት እንደ ማስረጃ ስትቀርብ ዘወትር እናያለን። እንደ እኔ አስተያየት የምትመሰክረው ከሚገመተው እጅግ ያነሰ ነው።

ሐሳቡ ከኢንተርኔት ዘመን ይቀድማል። አክቲቪዥን የተባለው የጨዋታ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1982 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አታሪ 2600 ለተባለው የጨዋታ ማሽን ባወጣው ፒትፎል በተባለው ጨዋታ 20,000 ነጥብና ከዚያ በላይ ያስቆጠረ ሰው የቴሌቪዥኑን ስክሪን ፎቶግራፍ አንሥቶ በፖስታ ከላከ፣ ኩባንያው በልብስ ላይ የሚሰፋ የጨርቅ ምልክት ይልክለት ነበር። ማይክሮሶፍት በኅዳር 2005 ኤክስቦክስ 360 የተባለውን የጨዋታ ማሽን ሲያቀርብ ያመጣው ለውጥ ምዝገባው ፎቶና ፖስታ ሳያስፈልገው በራሱ እንዲከናወን ማድረጉና ከሁሉም ጨዋታዎች የተገኘው ነጥብ በአንድ ሰው ስም እንዲደመር ማድረጉ ነው። የኮምፒውተር ጨዋታዎች በኢንተርኔት የሚሸጡበት ስቲም በ2007፣ የሶኒ የጨዋታ ማሽን የሆነው ፕሌስቴሽን 3 ደግሞ በ2008 ተከተሉ፤ ፕሌስቴሽን ነጥቡን በነሐስ፣ በብርና በወርቅ ዋንጫዎች ተክቶ፣ ሁሉንም ለሰበሰበ ተጫዋች ፕላቲነም የሚባለውን ጨመረ።

ኤክስቦክስ 360 በዲስክ ለሚሸጥ ለእያንዳንዱ ጨዋታ 1,000 ነጥብ መደበ። ነጥቡ በየትኞቹ ተግባራት ላይ እንደሚከፋፈል የሚወስነው ግን ጨዋታውን የሠራው ቡድን ስለሆነ፣ ግራ መጋባቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በ2007 በወጣው ዘ በርኒንግ ኧርዝ በተባለው የአቫታር ጨዋታ አቺቭመንቶቹ በሙሉ የሚገኙት ሳይቋረጥ በተከታታይ በሚሰነዘር ምት ብዛት ብቻ ነበር፤ በመሆኑም ተጫዋቹ ገና መግቢያው ላይ ቆሞ አንድ ቁልፍ ደጋግሞ በመጫን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሺሁንም ነጥብ ጠቅልሎ መውሰድ ይችላል። በተቃራኒው በ2006 በወጣው ዴድ ራይዚንግ ውስጥ 50 አቺቭመንቶች ሲኖሩ እያንዳንዳቸው 20 ነጥብ ያስገኛሉ። ከእነዚህ አንዱ 53,594 ዞምቢዎችን መግደል ነው፤ ቁጥሩ ታሪኩ ከሚፈጸምባት ከተማ ሕዝብ ብዛት የተወሰደ ነው። ሌላው ደግሞ ሰባት የጨዋታ ቀናት በሕይወት መቆየት ሲሆን፣ አንዱ ቀን ሁለት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፣ በዚህ አጨዋወት ሴቭ ማድረግም (የደረሱበትን መዝግቦ በኋላ ከዚያው መቀጠል) ስለማይቻል፣ ተጫዋቹ ማሽኑን ሳያጠፋ 14 ሰዓት ገደማ መቀመጥ አለበት። የገጸ ባሕርይው ጤና ሳያቋርጥ ስለሚቀንስ በየጊዜው ምግብ ፈልጎ ማብላት እንጂ ዝም ብሎ ተደብቆ መዋል አያዋጣም። ይህ ከባድ መሆኑን አልክድም፤ ሆኖም የሚፈተነው ከጣት ቅልጥፍና ይልቅ ወገብና ትዕግሥት ነው። የሚያስገኘው 20 ነጥብም በጨዋታው ውስጥ ካለው ከማንኛውም ቀላል አቺቭመንት ነጥብ ጋር እኩል ነው።

ነጥቡ ክብደትን እንደማይለካ ሲታወቅ ሰዎች ፊታቸውን ወደ ፐርሰንት አዞሩ። ዛሬ ስቲምም ሆነ ፕሌስቴሽን ከተጫዋቾች ስንት በመቶው ያንን አቺቭመንት እንዳገኘ ያሳያል፤ ኤክስቦክስም ከ10 በመቶ ያነሰ ተጫዋች ያገኘውን በተለየ ድምፅና ምልክት ያበስራል። ይህ ከነጥቡ የተሻለ መለኪያ መሆኑ አያጠያይቅም። ቢሆንም ብርቅ ነገር ሁሉ ከባድ አይደለም። ማንም ሳይለፋ በታሪኩ የመጀመሪያ ምዕራፍ የሚያገኘው አቺቭመንት እንኳ መቶ በመቶ ሳይሞላ ይገኛል፤ ምክንያቱም ጨዋታውን ለጥቂት ደቂቃ ሞክሮ የተወው ሰው ሁሉ በስሌቱ ውስጥ አለ። አንድ አቺቭመንት ተራ ሥራን ሺህ ጊዜ መደጋገም ስለሚጠይቅ ወይም በዕድል ብቻ ስለሚገኝ ብርቅ ሊሆን ይችላል። በኮምፒውተር ላይ ደግሞ ጨዋታውን ጨርሶ ሳይጫወቱ አቺቭመንቱን ብቻ የሚከፍቱ ሶፍትዌሮች አሉ።

ከዚህ ጋር የተያያዘው ሌላው ክርክር የክብደት ምርጫን ይመለከታል። በ2019 የወጣው ሴኪሮ ለተጫዋቹ ቀላል፣ መካከለኛ ወይም ከባድ የሚል ምርጫ አያቀርብም፤ በዚህም የተነሣ አንዱን ጠላት ያሸነፉ ሁሉ ያሸነፉት ያንኑ ጠላት ነው። ቀላል ምርጫ ቢጨመር የአቺቭመንቱ ክብር ይወርዳል የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ ይህን መከራከሪያ አልቀበለውም። ሄሎ 3 ገና በ2007 ታሪኩን ሌጀንደሪ በተባለው ከፍተኛ ደረጃ ለጨረሰ ሰው የተለየ አቺቭመንት ይሰጥ ነበር፤ ምዝገባው ደረጃውን ጭምር ከተናገረ በቀላሉ የተጫወተው ሰው በከባዱ ከተጫወተው የሚወስድበት ክብር የለም። ለሴኪሮ ምርጫ አለመኖር ጥሩ መከራከሪያ ሊቀርብ የሚችለው ሠሪዎቹ አንድ ወጥ ልምድ ለመስጠት መፈለጋቸው ነው፤ እሱ ግን ከአቺቭመንት ጋር አይገናኝም።

ምርጥ ጨዋታዎችን በደረጃ በማስቀመጡ ጉዳይ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። የሐያሲዎችን ነጥብ ሰብስቦ አማካዩን በሚያሳየው ሜታክሪቲክ በተባለው ድረ ገጽ 99 ነጥብ ይዞ ከሁሉም በላይ የሚገኘው የዜልዳ ጨዋታ ኦካሪና ኦፍ ታይም የወጣው በ1998፣ ማለትም ከኤክስቦክስ 360 ሰባት ዓመት ቀድሞ ነው። የዚያው የዜልዳ ተከታታይ አካል የሆነው የ2017ቱ ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድም በብዙ የምርጦች ዝርዝር ላይ ከፊት ይገኛል፤ የሚሠራበት ኒንቴንዶ ስዊች የተባለው የጨዋታ ማሽን ግን ለሁሉም ጨዋታ የሚያገለግል የአቺቭመንት ሥርዓት የለውም። በምድሩ ላይ የተበተኑትን 900 የኮሮክ ዘሮች አንድም ሳይቀር ለለቀመ ተጫዋች የሚሰጠው ሽልማት የእዳሪ ቅርጽ ያለው ወርቃማ ነገር ነው፤ አዘጋጆቹ እየቀለዱ እንደነበር ግልጽ ነው።

ፕላቲነም የያዘ ሰው ስለ ጨዋታው የሚናገረው ይሰማ፤ ብዙውን ክፍል አይቷልና። ነገር ግን እስከ መጨረሻው የዘለቀ ሰው ቀድሞውንም ጨዋታውን የወደደ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ስለሆነ ፍርዱ ያዘነብላል፤ ዋንጫ ለመቁጠር ብቻ የጨረሰው ደግሞ በመሰላቸት ተመርሮ ሊፈርድ ይችላል። ከአቺቭመንት መዝገብ ለማወዳደር የሚረዳ ነገር ከተፈለገ ታሪኩን በመጨረስ የሚገኘውን አቺቭመንት ፐርሰንት ማየት ይሻላል፤ ስንቱ ተጫዋች እስከ ፍጻሜው እንደተያዘ ይጠቁማልና። እሱም ቢሆን የአራት ሰዓት ጨዋታ ከመቶ ሰዓቱ ይልቅ ብዙ ጨራሽ ማግኘቱ የሚጠበቅ ስለሆነ፣ ርዝመታቸው በተቀራረበ ጨዋታዎች መካከል ካልሆነ አያስኬድም።