የክትባት ማመንታት ምንድን ነው?

ክትባቱ አለ። ሰውየው ግን «እስቲ ትንሽ ልይ» ይላል። የክትባት ማመንታት ይሄ ነው፤ ክትባቱ ተገኝቶ ሳለ ማዘግየት ወይም ጭራሽ አልወስድም ማለት። የዓለም ጤና ድርጅት ገና ኮሮና ሳይመጣ፣ በፈረንጆች 2019፣ የዓለምን ጤና ያሰጋሉ ካላቸው 10 ጉዳዮች አንዱ አድርጎታል።

የሚያመነታ ሰው ብዙ ጊዜ «አልገባውም» ተብሎ ይታለፋል። እኔ አልስማማም። ጎንደር ውስጥ የልጇን የኩፍኝና የፖሊዮ ክትባት አንድም ቀጠሮ ሳታሳልፍ ያስጨረሰች እናት የኮሮናውን ስትሸሽ አይተናል። ክትባት ምን እንደሆነ ጠፍቷት አይደለም። ጥያቄ ነበራት፤ መልስ የሰጣት የለም።

ባለሙያዎች ምክንያቱን በሦስት ይከፍሉታል፦ እምነት ማጣት፣ በሽታውን ማቅለል፣ ክትባቱን ለማግኘት መቸገር።

ከሁሉም የሚከብደው እምነት ነው። አስትራዜኔካ የተባለው የኮሮና ክትባት የመጀመሪያው 2.2 ሚሊዮን ዶዝ አዲስ አበባ የገባው የካቲት 28 ቀን 2013 ነበር። በዚያው ሰሞን በርካታ የአውሮፓ አገሮች የደም መርጋት አሳስቧቸው ይህንኑ ክትባት ለጊዜው አቆሙ። ወሬው በቴሌግራምና በፌስቡክ ወዲያው ጎንደር ደረሰ። ችግሩ እውነት ቢሆንም እጅግ ጥቂት ሰው ላይ የሚደርስ ነው። የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪም ከቀናት በኋላ ጥቅሙ ከጉዳቱ እንደሚበልጥ አስታወቀ። እሱን ግን ስንቱ ሰማ? «መካን ያደርጋል»፣ «666 ነው» የሚለውም ተጨመረበት። መካን አያደርግም። ክንድ ሊያምም፣ ሊያተኩስ፣ ሊያደክም ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ያልፋል። ይህ አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ሌሊት ሲያተኩሰው ግን ጎረቤቱ «ይኸው፣ አላልኩህም?» ይለዋል።

ጤና ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡ እናት ዓይናቸው ከመርፌው ይልቅ ነርሷ ላይ ነው። «ሲስተር፣ አንቺስ ወስደሻል?» ይላሉ። «አዎ እማዬ፣ ሁለቱንም» ካለቻቸው ነጠላቸውን ከትከሻቸው ገለል ያደርጋሉ። ካንገራገረች «ነገ እመጣለሁ» ብለው ይወጣሉ። የንስሐ አባት፣ ኢማም ወይም የዕድር ዳኛ ክንዱን ሲሰጥ ማየትም እንዲሁ ነው። ፖስተር ይህን አይተካም።

በሽታውን ማቅለል ስንፍና አይደለም። ሰው ስጋቱን ያመዛዝናል። በ2013 ክረምት መገባደጃ ጦርነቱ ዳባት አካባቢ ሲደርስ፣ ጎንደር ላይ ስለ ኮሮና የሚያስብ ልብ ከየት ይምጣ?

መቸገሩ ብዙም አይወራለትም፤ ሊወራለት ይገባ ነበር። ከህንድ የመጣው የአስትራዜኔካ ብልቃጥ አንዱ ለ10 ሰው ነበር። አንዴ ከተከፈተ በ6 ሰዓት ውስጥ ማለቅ ነበረበት። ሦስት ሰው ብቻ ከመጣ ነርሷ ምን ታድርግ? ብትከፍተው የሰባት ሰው ይደፋል። ካልከፈተችው «ሌላ ቀን ኑ» ማለቷ ነው። ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የመጣ ገበሬ ደግሞ በማግስቱ ሥራውን ጥሎ አይመለስም። መዝገቡ ላይ «ያልተከተበ» ተብሎ ይቀራል፤ እሱ ግን እጅጌውን ሊሰበስብ መጥቶ ነበር። ለእንዲህ ያለው ሰው ስብከት አያስፈልገውም። ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ድንኳን ቢተከልለት፣ ጤፉን ሸጦ ሲመለስ ይከተባል፤ አሥር ሰው መሙላትም እዚያ አያስቸግርም።