የወሲብ ፍላጎት በመጠይቅ ሲለካ

የደም ግፊት የሚለካበት ማሽን አለ፤ የወሲብ ፍላጎት የሚለካበት ግን የለም። ወደ ብልት የሚሄደውን ደም መለካት ይቻላል፤ ግን አካል የሚያሳየውና ሰው «አምሮኛል» የሚለው አንዳንዴ አይገጥምም፤ በተለይ በሴቶች ላይ። ስለዚህ የቀረው መንገድ መጠየቅ ነው።

መጀመሪያ የተቆጠረው ድርጊት ነበር። አሜሪካዊው ተመራማሪ አልፍሬድ ኪንሲ በ1948 እና በ1953 ባወጣቸው ጥናቶች (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ሰዎች በሳምንት ስንት ጊዜ ከእርካታ እንደሚደርሱ አሰላ። ይሁንና ሰው ሳያምረው ሊያደርግ፣ እያማረውም ሊቀር ይችላል። የፍላጎት ማነስ ራሱን የቻለ ችግር ተብሎ በአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና መመሪያ የገባው በ1980 ነው።

በ1996 ተመራማሪዎቹ ስፔክተር፣ ኬሪና ስታይንበርግ ያሳተሙት መጠይቅ 14 ጥያቄዎች አሉት። ከሰው ጋር የመሆን ፍላጎትን ለብቻ ከሚመጣው ለይቶ ይመዝናል። አንዱ ጥያቄ ያለ ምንም ወሲብ ሳይቸገሩ ምን ያህል መቆየት እንደሚችሉ ይጠይቃል። መልሱ «ለዘላለም» ከሆነ 0፣ «ከአንድ ቀን በታች» ከሆነ 8 ነው። ብልህ ጥያቄ ነው፤ ስለ ፍላጎት ሳያነሳ ፍላጎትን ይነካል።

ክሊኒኮችና መድኃኒት ፈታሾች አብዝተው የሚጠቀሙት ግን በ2000 የወጣውን የሴቶች መጠይቅ ነው። ከ19 ጥያቄዎቹ ፍላጎትን የሚመለከቱት 2 ብቻ ናቸው፦ ባለፉት 4 ሳምንታት ምን ያህል ጊዜ ተሰማሽ፣ ምን ያህልስ ጠነከረ? የዚህ ክፍል ውጤት ከ1.2 እስከ 6 ነው። ከሌሎቹ ጥያቄዎች በአብዛኞቹ ላይ አንድ ጉድ አለ። «በዚህ ጊዜ ወሲብ አልፈጸምኩም» የሚለው መልስ 0 ያሰጣል። ባሏ ሩቅ አገር ያለ ጤነኛ ሴት ጠቅላላ ነጥቧ አሽቆልቁሎ ታማሚ ልትመስል ትችላለች።

መለኪያው ምን ያህል እንደሚወስን የሴቶችን የፍላጎት ማነስ ለማከም በተሠራው መድኃኒት፣ በፍሊባንሰሪን፣ ታይቷል። በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ሴቶቹ ፍላጎታቸውን በየቀኑ በኤሌክትሮኒክ ማስታወሻ ይመዘግቡ ነበር፤ መድኃኒቱ በዚህ መለኪያ ፍላጎትን ከማስመሰያ ክኒን በበለጠ አልጨመረም። በ4 ሳምንቱ መጠይቅ ሲለካ ግን ትንሽ ጭማሪ ታየ። ቀጣዩ ሙከራም ያንን መጠይቅ ከዋና መለኪያዎቹ አንዱ አደረገ። ክኒኑ በ2015 በአሜሪካ ተፈቀደ። ያው ክኒን፣ ሌላ ሜትር።

ይሉኝታም አለ። በ2003 በታተመ ጥናት ተማሪዎች ስለ ወሲብ ሕይወታቸው ሲጠየቁ፣ ከውሸት መመርመሪያ ጋር የተያያዙ በመሰላቸው ጊዜ በወንዶችና በሴቶች መልስ መካከል ያለው ልዩነት ጠበበ። ስም አይጻፍም ማለት ብቻውን አይበቃም።

ደግሞ አንዳንዱ ሰው ድንገት አያምረውም፤ መተሻሸት ሲጀመር ነው ፍላጎቱ የሚመጣው። ሐኪሟ ሮዝሜሪ ባሶን ይህን በ2000 ጽፋለች። «ስንት ጊዜ አማረሽ?» የሚል ቅጽ እንዲህ ያለውን ሰው በዜሮ አካባቢ ያስቀምጠዋል።

ለዚህም ይመስላል ሐኪሞች ለሴቶች የሚጠቀሙበት አንድ አጭር መጠይቅ ነጥብ የማይደምረው። 5 ጥያቄ ብቻ ነው። ድሮ ፍላጎትሽ ጥሩ ነበር? ቀንሷል? መቀነሱ ያስጨንቅሻል? እንዲጨምር ትፈልጊያለሽ? አምስተኛው መድኃኒት፣ ወሊድ፣ ድካም፣ ከባል ጋር አለመስማማት እያለ ምክንያት ይዘረዝራል። ለሦስተኛው «አይ» ያለች ሴት፣ ፍላጎቷ የቱንም ያህል ዝቅ ቢል፣ በዚህ ቅጽ በሽተኛ አትባልም።