አርቲክል ማርኬቲንግ ምንድን ነው?

እህቴ በቴሌግራም ሀበሻ ቀሚስ ትሸጣለች፣ ሽሮ ሜዳ እያሰፋች ነው የምትልከው፣ እና ባለፈው አጠገቧ ቁጭ ብዬ አንዱን ነገር ለአምስተኛ ሰው ስትጽፍ ያዝኳት፦ ልክሽን እንዲህ አድርገሽ ላኪ፣ መጀመሪያ ትከሻ፣ ከዛ ደረት ምናምን። አመሻሽ ላይ ሌላ ደንበኛ መጣች፣ እንደገና ከሀ። «አንዴ ጽፈሽ ለምን አታስቀምጪውም?» አልኳት። «ማን ያነባል ባክህ» አለችኝ።

በቃ አርቲክል ማርኬቲንግ ማለት ይሄው አንዴ ተጽፎ የሚቀመጠው ነገር ነው። ማስታወቂያ «ግዙኝ» ይላል፣ አርቲክል ግን ሰው ከመግዛቱ በፊት የሚያስጨንቀውን ጥያቄ ይመልስለታል፣ ሻጩ ደሞ ከስር ስሙንና ሊንኩን ያስቀምጣል። ኦንላይን ላይ ጨርቁን ዳብሶ ማየት የለም፣ ስለዚህ ገዢው ሻጩ ሙያውን ያውቀው እንደሆነ በጽሁፉ ነው የሚፈትነው።

አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ ደሞ። ጎማ የሚሰራው የፈረንሳዩ ሚሽሊን እ.ኤ.አ. በ1900 ጎማ እንዴት እንደሚቀየር፣ ነዳጅ የት እንዳለ፣ የት እንደሚታደር የያዘ መጽሐፍ ለባለመኪኖች በነጻ አደለ፣ ያውም ፈረንሳይ ውስጥ ከ3,000 ያነሰ መኪና በነበረበት ሰአት። ሰው ብዙ ሲነዳ ጎማው ያልቃላ! ዛሬ ለሬስቶራንት ኮከብ የሚሰጠው ያው መጽሐፍ ነው።

ኢንተርኔት ላይ ግን ነገሩ ተበላሽቶ ነበር። እንደ ኢዚን አርቲክልስ ያሉ ማንም ሰው ጽሁፍ የሚያስቀምጥባቸው ሳይቶች ነበሩ፣ ሰዉ አንዱን ጽሁፍ ቃል እየቀያየረ በየቦታው ይለጥፍ ነበር፣ ሰው እንዲያነበው ሳይሆን ጎግል ሊንኩን ቆጥሮ ሳይቱን ፍለጋ ላይ ወደ ላይ እንዲያወጣለት ብቻ። እ.ኤ.አ. በ2011 ጎግል ፓንዳ የሚባለውን፣ እርባና ቢስ ጽሁፍ የሞላባቸውን ሳይቶች ፍለጋ ላይ ወደ ታች የሚያወርድ ለውጥ ሲያመጣ ብዙዎቹ ቁልቁል ወረዱ። ዛሬም «መቶ አርቲክል በርካሽ» የሚል ካጋጠማችሁ ያንኑ ነው የሚሸጥላችሁ፣ አሁን በኤአይ ተጽፎ።

ምን ይጻፍ ለሚለው ኢንቦክሳችሁን ክፈቱ። «ሀበሻ ቀሚስ የማንነታችን መገለጫ ሲሆን ከጥንት ጀምሮ» ብሎ የሚጀምር ጽሁፍ ማንንም አያስገዛም፣ ያንን ሁሉም ያውቃል። ዱባይ ወይ ዲሲ ሆና ለሰርግ የምታዝ ልጅ የምትፈልገው እንዲህ አይነቱን ነው፦ ቁመት ስትለኪ የሰርጉን ቀን ጫማ አድርገሽ ቁሚ፣ ሌላ ሰው ከትከሻሽ እስከ መሬት ይለካልሽ፣ ራስሽ ጎንበስ ብለሽ ከለካሽ ይሳሳታል። ወይም ባለቀለም ጥበብ ያለው ቀሚስ ለምን ለብቻው በቀዝቃዛ ውሃ እንደሚታጠብና ጥላ ላይ እንደሚሰጣ። አንድ ጥያቄ አንድ ጽሁፍ ይበቃዋል። ዋጋውንም ጻፉት እባካችሁ፣ «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ነገር እኔን በግሌ ያባርረኛል።

የት ይቀመጥ? ቴሌግራም ላይ ብቻ ከሆነ በሳምንቱ ወደ ላይ ሄዶ ይቀበራል፣ ፒን ብታደርጉትም ጥሩ ነው ግን ጎግል የሚያገኘው ነጻ ብሎግ ላይ አስቀምጡና ለሚጠይቃችሁ ሊንኩን ላኩ። የኛ ጣጣ ደሞ ፊደሉ ነው፣ አንዱ ሀበሻ ብሎ ይፈልጋል፣ ሌላው ሐበሻ፣ ሌላው ሃበሻ፣ ውጭ ያለው ጭራሽ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ስለዚህ አንዱን ርእሱ ላይ ሌሎቹን ውስጥ ውስጡን ብታስገቡ አይከፋም።

ውጤቱ ደሞ ቶሎ አይደርስም። ለነገ ብር የሚያስፈልገው ሰው ለማስታወቂያ ይክፈል። ከፋሲካ በኋላ ላለው ሰርግ ግን ሁዳዴ ሲገባ መጻፍ ነው፣ 55 ቀን አለላችሁ፣ ልብስ ሰፊውም ጊዜ ይፈልጋል።

እህቴ በመጨረሻ ጻፈችው፣ ግማሽ ገጽ ቢሆን ነው፣ የሜትር ፎቶ ያለበት። ከዛ በኋላ ከመጡት ትእዛዞች አንዱን አሳየችኝ፣ ሰላምታ እንኳን የለውም፣ ልኩ ሁሉ በተራ ተደርድሮ ከስሩ «5 ሳንቲም ታኮ አድርጌ ነው፣ እናቴ ናት የለካችኝ» ይላል።