«ተነሥተህ ብላ»

ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ እኛ አገር ረጅም እጅጌ ማንንም አይገርምም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። ኅዳር ላይ ውርጩ አጥንት ይገባል፤ ሹራብ ላይ ጋቢ ይደረባል። አንዲት የ17 ዓመት ልጅ ክንዷን አንድ ዓመት ሙሉ የሸፈነችው በዚህ ብርድ ነው። ስሟን አልጠራም፤ ሌላም ጥቂት ነገር ቀይሬያለሁ።

ብርዱ የደበቀውን፣ ሥራ ገለጠው። ምግብ ቤት ተቀጠረች፤ የመጀመሪያ ሥራዋ ነው። ዕቃ ማጠቢያው ጋ ስትቆም ኃላፊው «እጅጌሽን ሰብስቢ እንጂ!» አሏት። ክፋት አልነበራቸውም። ልጅቷ ግን ሽርጧን ፈታ አስቀመጠችና እያለቀሰች ወደ ቤቷ ሄደች። እናቷ ጠባሳውን ያየችው ያን ማታ ነው። ልጅቷ ራሷን ትጎዳ ነበር።

እናት ያደረገችውን ብዙዎቻችን እናደርገዋለን። ጮኸች፣ አለቀሰች፣ ከዚያ በእመቤታችን ስም አስማለቻት። በሦስተኛው ሳምንት እንደገና ሆነ። አሁን ከቁስሉ ሌላ የፈረሰ መሐላም ተሸከመች፤ ስለዚህ የባሰ ደበቀች። እባካችሁ፣ ልጅ አታስምሉ። እናቷ እኔ ዘንድ የመጣችው ያኔ ነው።

ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ቶሎ ማርቆስ 5ን ይጠቅሳል፤ በመቃብር መካከል ሰውነቱን በድንጋይ ይቧጭር የነበረውን ሰው። «ሰይጣን ነው» ይባልና ወሬው ይዘጋል። እኔ ዓይኔ የሚያርፈው ከዚያ በኋላ ያለው ላይ ነው፦ ለብሶ፣ ልቡ ተመልሶ፣ ተቀምጦ አዩት። ጌታም አላዋረደውም፤ ወደ ቤተ ሰዎቹ ሰደደው።

ለዚህች ልጅ የሚቀርበው ግን 1ኛ ነገሥት 19 ይመስለኛል። ኤልያስ ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ይበቃኛል» አለ፤ ሞትን ለመነ። መልአኩ አልገሠጸውም። «አንተን የሚያህል ነቢይ እንዴት?» አላለውም። ዳሰሰውና «ተነሥተህ ብላ» አለው። እንጎቻና ውኃ ነበር። በላ፣ ተኛ። ደግሞ ቀሰቀሰው፤ የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ብላ አለው። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው አርባ ቀን ተጉዞ ኮሬብ ከደረሰ በኋላ ነው። እኛ ግን ከጥያቄው እንጀምራለን። «ምን ጎደለሽ? ምን አደረግንሽ?» እንጎቻው የት አለ?

ራሳቸውን የሚጎዱ ልጆች ብዙ ጊዜ ሞት ፈልገው አይደለም፤ መሸከም ያቃታቸውን ጭንቀት ለጊዜው ለማስታገስ ነው። ቢሆንም አይናቅም፤ ሞትንም የሚያስቡ አሉ። ስለዚህ ረጋ ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ፦ «የኔ ልጅ፣ መሞት ታስቢያለሽ?» መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባባትም። አዎ ካለች ብቻዋን አትተዉአት፤ ልትጎዳበት የምትችለውን ነገር ከአጠገቧ አርቁ፤ ሳታድሩ ሆስፒታል ውሰዷት። አዎ ባትልም ሐኪም ይያት። ሸንኮራ ዮሐንስም ጻድቃኔ ማርያምም ሂዱ፤ ጠበል ከሐኪም ጋር አይጣላም። ሲራክ 38ን አንብቡ፤ መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር ነው ይላል።

«ሥራው ይቅርባት» ያሉ ዘመዶች ነበሩ። እኔ አልተስማማሁም። የራሷ ገንዘብ፣ አዲስ ሰው፣ ጠዋት የምትነሣበት ምክንያት ቀላል ነገር አይደለም። ግን ልክ ይኑረው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 18 ዓመት ያልሞላውን ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ማሠራት ይከለክላል። ትርፍ ሰዓትም፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው ሥራም ክልክል ነው። ይህን የሚያውቅ ወላጅ ጥቂት ነው፤ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ደግሞ ጭንቀቱ ይብስበታል። ለኃላፊው ምን ይነገር? ልጅቷ የፈቀደችውን ያህል ብቻ። «የሕክምና ቀጠሮ አላት» ይበቃል። ለማኅበርተኛና ለጎረቤት ግን አንድም ቃል አይነገር። «ጸልዩላት» ብሎ ምስጢር ማውጣትም ያው ወሬ ነው።

እናትየው ገበያ ወጥታ እስከ ክርን የሚደርስ የላስቲክ ጓንት ገዛች። ኃላፊውም ወደ ሥራዋ መለሷት። ጠዋት ጠዋት እናት ምሳ ዕቃው ውስጥ ትንሽ እንጎቻ ትጨምራለች፤ ማታ «እጅሽን አሳዪኝ» ማለት ትታ «ዛሬ ሥራ እንዴት ነበር?» ትላለች። የመጀመሪያው ሳምንት መልሱ «ደህና» ብቻ ነበር። ከዚያ ስለ አንዲት ተሳዳቢ አስተናጋጅ ማውራት ጀመረች።

በሁለተኛው ወር አንድ ማታ እንደገና ሆነ። ያኔ ግን ልጅቷ ራሷ መጥታ እናቷን ቀሰቀሰቻት። እናት አልጮኸችም። ቁስሉን በንጹሕ ውኃ አጠበችላት፤ በነጠላ ጠቅልላ አጠገቧ አስቀመጠቻትና ሻይ ጣደች።