ቢምቢ፣ ወፍና ቫይረስ በአዲስ አበባ ዙሪያ

አዲስ አበባ ላይ ስለ ቢምቢ ሲነሳ ብዙ ሰው «እዚህ ደጋ ነው፣ ወባ የለም» ብሎ ያልፈዋል። ስለ ወባ ከሆነ ብዙም አልተሳሳተም። ኪውሌክስ የምትባለዋ ቢምቢ ግን ሌላ ናት። የተዘጋ ቦይ፣ የሽንት ቤት ጉድጓድ፣ የፍሳሽ ኩሬ ይመቻታል። ከተማዋ ደግሞ ፍሳሿን የምትለቀው ወደ አቃቂ ወንዝ ነው።

ወንዙ ወርዶ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባል። ከመስከረም ጀምሮ የአውሮፓና የእስያን ብርድ የሸሹ ዳክዬዎችና ሽመላዎች እዚያ ረግረግ ላይ ያርፋሉ። በሰሜን በኩል ሱሉልታ ሜዳ፣ በምዕራብ በኩል ገፈርሳ ግድብም ወፍ አያጡም። ከኢትዮጵያ ውጭ የማትገኘው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ እዚያ ትታያለች።

ቆሻሻ ውሃና ወፍ የሚገናኙበት ቦታ ለዌስት ናይል ቫይረስ ይመቻል። ቫይረሱ መጀመሪያ የተለየው እ.ኤ.አ. በ1937 ኡጋንዳ ውስጥ ነው። ኪውሌክስ ከታመመ ወፍ ደም ትመጥጣለች፣ ቀጥላ ሌላ ወፍ ትነክሳለች፤ ዑደቱ በዚህ ይቀጥላል። ሰውና ፈረስ በመሃል ይነከሳሉ እንጂ በደማቸው የሚገኘው ቫይረስ ትንሽ ስለሆነ መልሰው ለቢምቢ አያስተላልፉም። ከተያዙ 10 ሰዎች 8ቱ ምንም አይሰማቸውም። ከ150 አንድ ያህሉ ግን አንጎሉ ወይም ነርቩ ይጎዳል። ለፈረስ ክትባት አለ፣ ለሰው ገና የለም። ኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲደርስበት ቁራዎች በየመንገዱ ይረግፉ ነበር።

እኛን እስካሁን የሚያግዘን የሌሊቱ ብርድ ይመስለኛል። ቫይረሱ ቢምቢዋ ሆድ ውስጥ ተራብቶ ምራቋ ጋ መድረስ አለበት። በሙቀት ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል፤ በብርድ በጣም ይዘገያል፣ ቢምቢዋም ቀድማ ልትሞት ትችላለች። ስለዚህ ገፈርሳና ቢሾፍቱ እኩል አይደሉም። ቢሾፍቱ ብዙ ዝቅ ትላለች፣ ትሞቃለች፣ በሐይቅ የተከበበች ናት፤ የጋሪ ፈረሱም የዶሮ እርባታውም እዚያ ነው።

ከብት ላይ የሚያሰጋው የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 ኬንያ ውስጥ ታወቀ። ኤደስ የምትባል ቢምቢ እንቁላሏን ከነቫይረሱ ደረቅ አፈር ውስጥ ትተዋለች፤ ዓመታት ቆይቶ ጎርፍ ሲመጣ ይፈለፈላል። የመንጋ እርጉዝ በጎች ተከታትለው ከጨነገፉ እሱን መጠርጠር ነው። የጨነገፈውን በባዶ እጅ መንካት ሰውንም ያስይዛል። ቢጫ ወባ ደግሞ ጦጣና ጉሬዛ ላይ የሚዞር፣ በቢምቢ ወደ ሰው የሚሻገር ቫይረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኦሞ አካባቢ ብዙ ሺህ ሰው ፈጅቷል።

ዶሮ አርቢውን በየጊዜው የሚያስለቅሰው ግን የዶሮ ፈንጣጣ ነው። ይህ ቫይረስ ቢምቢዋ ውስጥ አይራባም። አፏ ላይ ተለጥፎ ከዶሮ ወደ ዶሮ ይሄዳል። ኩክኒና አይን አካባቢ ቅርፊት ያወጣል። ጉሮሮ ከገባ ዶሮዋ መተንፈስ ያቅታታል። መድኃኒት የለውም፣ ክትባት ግን አለ፤ ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያመርተዋል። ባለ ሁለት ጫፍ መርፌ ክንፏ ሥር ያለውን ስስ ቆዳ ይበሳል። ከሳምንት በኋላ የተወጋው ቦታ አብጦ ቅርፊት ካላወጣ ክትባቱ አልያዘምና መድገም ያስፈልጋል።