ባዝራ ስትወልድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ ፈረስ ማራቢያ፣ ባዝራ (ሴት ፈረስ) ስለምትወልድበት ወቅት ሲነሳ ብዙ ሰው የሚታየው መስክ ላይ እናቱን ተከትሎ የሚፈነጭ ውርንጭላ ነው። ከዚያ በፊት ግን የሌሊት ተረኛ አለ፤ በየጊዜው የሚቀየር የጭድ ንጣፍ አለ፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው አለ። ሥራውን ከሩቅ የሚያውቁ ሰዎች ብዙ ነገር ከላምና ከበግ ወስደው ያወራሉ። ፈረስ ላይ ግን አይሠራም፣ አንዳንዱም ውርንጭላ ያስገድላል።

«በድንጉላ (በወንድ ፈረስ) የተጠቃችበት ቀን ከታወቀ የምትወልድበትም ይታወቃል»

የባዝራ እርግዝና በአማካይ 340 ቀን ያህል ነው፤ ወደ 11 ወር። ሆኖም ከ320 እስከ 365 ቀን ያለው ሁሉ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከቀን መቁጠሪያው ይልቅ ጡቷ ይታያል። ጡቷ ሞልቶ ጫፉ ላይ ሰም የመሰለ ጠብታ ከደረቀ ብዙ ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ትወልዳለች። ግን ይህም ዋስትና አይደለም። ምንም ምልክት ሳታሳይ የምትወልድ አለች፤ ሰሙ ከታየ በኋላ ብዙ ቀን የምታስጠብቅም አለች።

«ቀን ቀን ብንጠብቃት ይበቃል»

አይበቃም። አብዛኞቹ ባዝራዎች የሚወልዱት ሌሊት፣ ጋጣው ጸጥ ሲል ነው። ሰው እየገባ እየወጣ ከረበሻት የምጡን መጀመሪያ ልታዘገየው ትችላለች። ተረኛው በካሜራ ወይም ከርቀት የሚከታተለው ለዚህ ነው።

«ምጥ ሰዓታት ስለሚፈጅ ሐኪም ለመጥራት ጊዜ አለ»

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። የምጡ መጀመሪያ እርግጥ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። ትቁነጠነጣለች፣ ያልባታል፣ ዞራ ጎኗን ታያለች፣ ትተኛለች፣ ትነሳለች። የእንሽርት ውሃው ከፈሰሰ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። ውርንጭላው አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ይወጣል። ባዝራ በኃይል ነው የምታምጠው፣ እንግዴ ልጁም ከማህፀን ቶሎ ይላቀቃል። ውርንጭላው ውስጥ ከቆየ ኦክስጅን ያጣል። ስለዚህ ውሃው እንደፈሰሰ ሰዓት ይያዛል። 10 ደቂቃ አልፎ ምንም ካልታየ ስልክ ይደወላል።

መጀመሪያ ብቅ የሚለው ነጣ ያለ ስስ ሽፋን ነው። በውስጡ ሁለት የፊት ኮቴዎች ይታያሉ፤ አንደኛው ከሌላኛው ትንሽ ቀደም ብሎ፣ የሁለቱም መርገጫ ወደ መሬት ዞሮ። አፍንጫው ደግሞ እግሮቹ ላይ ተጋድሟል። በነጩ ፈንታ ከፋይ ጨርቅ የመሰለ ቀይ ነገር ከመጣ ግን እንግዴ ልጁ ቀድሞ ተላቋል ማለት ነው። ያኔ ሐኪም እስኪደርስ አይጠበቅም። ቀዩ ሽፋን ወዲያው ተቀዶ ውርንጭላው እንዲወጣ ይረዳል።

«ጎትተን እንገላግላት»

ሁሉም ነገር በቦታው ካለ እጅ ይሰበሰባል። መሳብ የግድ ከሆነም እሷ ስታምጥ ብቻ፣ ወደ ታች፣ በኋላ እግሮቿ አቅጣጫ ነው። እሷ ስታርፍ ሳቢውም ያርፋል። እትብቱንም ለመቁረጥ መጣደፍ አያስፈልግም። እናቲቱ ስትነሳ ወይም ውርንጭላው ሲንፈራገጥ ራሱ ይበጠሳል። የቀረው ጫፍ በተበረዘ ክሎርሄክሲዲን (ጀርም ገዳይ መድኃኒት) ይነከራል።

«ጠንካራ ከሆነ እንገር ቢዘገይበትም ችግር የለም»

ውርንጭላ ሲወለድ ደሙ ውስጥ በሽታ መከላከያ የለም ማለት ይቻላል፤ የባዝራ እንግዴ ልጅ አያሳልፍለትም። የሚያገኘው ከእንገር፣ ከእናቱ የመጀመሪያ ወተት ነው። አንጀቱ ደግሞ መከላከያውን ወደ ደም የሚያሳልፈው ለአጭር ጊዜ ነው። ከመጀመሪያዎቹ 6 እስከ 12 ሰዓታት በኋላ በጣም ይቀንሳል፣ በ24 ሰዓት ገደማ ያበቃል። ስለዚህ በ1 ሰዓት ውስጥ ሊቆም፣ በ2 ሰዓት ውስጥ ሊጠባ ይገባል። አንድ ቀን ሲሞላው ደሙ ይመረመራል።

እናቱ ሥር ቆመ ማለት ጠባ ማለት አይደለም። ግንባሩን እዩት። ወተት ፈሶበት ከደረቀ፣ የእናቲቱም ጡት ተወጥሮ ከተንጠባጠበ፣ ወደ ጡቱ ይጠጋል እንጂ አይጠባም። ብዙ ጊዜ የታመመ ውርንጭላ ቀድሞ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ ትኩሳት እስኪመጣ አይጠበቅም።

«እንግዴ ልጁ ከዘገየ በእጅ ይውጣ»

በፍጹም! ሲጎተት ይቀደድና ቁራጭ ውስጥ ይቀራል። ከዚያ የማህፀን ኢንፌክሽን ይመጣል፤ ሕመሙ ኮቴዋ ድረስ ሊደርስና ሊያሽመደምዳት ይችላል። 3 ሰዓት ካለፈ ሐኪም ይጠራል። በራሱ የወጣውም ወዲያው አይጣልም። መሬት ላይ ተዘርግቶ እስከ ሁለቱ ጫፎች ሙሉ መሆኑ ይታያል።

«መንታ ድርብ በረከት ነው»

ለበግ ሊሆን ይችላል። ለባዝራ አደጋ ነው፤ አብዛኛው መንታ ይጨነግፋል፣ ወይም ደካማ ሆኖ ይወለዳል። ሐኪሙ ከተጠቃች በሁለት ሳምንት ገደማ በአልትራሳውንድ የሚያያት በዋናነት ለዚህ ነው።

«እናቱ ድንጉላ ስትፈልግ ወተቷ ውርንጭላውን ያስቀምጠዋል»

ባዝራ ከወለደች ከ5 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ እንደገና ድንጉላ ትፈልጋለች። የውርንጭላው ተቅማጥም በዚያው ሰሞን ይመጣል፤ ሰው ሁለቱን ያገናኛቸዋል። ነገር ግን እናት አልባ ሆነው በጡጦ ያደጉትንም ያው ይይዛቸዋል። አንጀታቸው ከአዳዲስ ረቂቅ ተሕዋስያን ጋር እየተላመደ ነው። የእናቱን ፋንድያ ሲበላ ብታዩትም አትደንግጡ፤ ጤነኛ ውርንጭላ ሁሉ ያደርገዋል። እየጠባና እየፈነጨ ከሆነ ኋላው ይታጠባል፣ እንዳይላጥ ቫዝሊን ይቀባል። መጥባት ካቆመ ወይም ከተኛበት አልነሳም ካለ ግን ያ ሌላ በሽታ ነው፤ ሐኪሙ በዚያው ሰዓት ይጠራ።