ቀመርጋ ምንድን ነው?

ሕንድን ይገዙ የነበሩትን የሙጋል ነገሥታት የአደን ሥዕል ያየ ሰው ግራ ይገባዋል። ይሄ ሁሉ አውሬ አንድ ሜዳ ላይ ምን ሰበሰበው? መልሱ ቀመርጋ ነው።

ቀመርጋ የከበባ አደን ነው። በሺህ የሚቆጠር ሰው ሰፊ ክበብ ሠርቶ አውሬውን ወደ መሀል ይነዳል። ክበቡ ቀን በቀን ይጠባል። መውጫ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚገባው ንጉሡ ነው። መኳንንቱ ተራ ይጠብቃሉ፣ ተራው ወታደር መጨረሻ። ልማዱ የሞንጎሎች ነው፤ እነ ጄንጊስ ካን ጦር ያሠለጥኑበት ነበር። ሰልፉም ያው የጦር ሰልፍ ነው፣ ጠላቱ ሚዳቋ ሆነ እንጂ።

የሙጋሉ ንጉሥ አክባር በ1567 እ.ኤ.አ. ላሆር (የዛሬዋ ፓኪስታን) አጠገብ ያደረገው ቀመርጋ «አክባርናማ» በተባለው የዘመኑ ታሪክ ውስጥ በሁለት ትይዩ ገጾች ተስሏል። ሥዕሉ ዛሬ ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው። ንድፉን ያወጣው ሚስኪና ነው፤ ቀለሙን ግን አንዱን ገጽ ማንሱር፣ ሌላውን ሰርዋን ቀቡት። ያኔ ሥዕል የአንድ ሰው እጅ ሥራ አልነበረም።

ነገሩ ሁሉ ከላይ እንደታየ ነው የተሣለው። አጥር ዙሪያውን ይዞራል፣ አጋዘን መድረሻ አጥቶ ይራወጣል፣ የተገሩ አቦሸማኔዎች ይከተሉታል። አክባር ፈረስ ላይ ሆኖ መሀል ላይ ነው። ለእኔ ሥዕሉ ስለ አደን ብቻ አይመስለኝም፤ አገሩ ሁሉ በማን ዙሪያ እንደሚዞር የሚናገር ነው።

ቅጣትም አለበት። ሐሚድ በካሪ የሚባል ባለሟል በዚያ አደን ላይ አንድ የቤተ መንግሥት ሰው ላይ ቀስት ወረወረ። አንገቱ እንዲቀላ ታዘዘ፤ ሰይፉ ግን አልቆርጥ አለ ይላል ታሪኩ። ሞቱ ቀረለትና ራሱን ተላጭቶ፣ አህያ ላይ ተቀምጦ ሜዳውን ዞረ።

አክባር ራሱ በ1578 ብሄራ በሚባል ስፍራ የተዘጋጀ ትልቅ ቀመርጋ መሀል ላይ ድንገት አስቁሞ፣ የተከበበው አውሬ እንዲለቀቅ አዟል።

ሠዓሊው ማንሱር ግን እንስሳ መሣሉን አልተወም። በአክባር ልጅ በጃሃንጊር ዘመን፣ በ1621፣ ከሐበሻ ምድር የመጣ የሜዳ አህያ ሣለ። ቤተ መንግሥቱ እንዲህ ያለ ፍጥረት አይቶ አያውቅምና፣ መስመሩ በቀለም የተቀባ የመሰላቸው ነበሩ። ቢመረምሩት የራሱ ሆነ።